ስሜን ሳልጽፍ፣ ከባሕር ዳር

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ባሉ ከተሞች ለሚኖሩ፣ በልባቸው የያዙትን ፍቅር ለማንም መናገር ላልቻሉ ወጣቶች ነው። እኔ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለሁ ሴት ነኝ፤ በሕይወቴ ወንድም ሴትም አፍቅሬያለሁ፤ ባይሴክሹዋል የሚባለው ሰው እኔ ነኝ። ስሜን፣ ሰፈሬንና የምሠራበትን መሥሪያ ቤት አልጽፍም፤ ምክንያቱን የምታነቡኝ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ከዚያ በቀር ያለውን ግን ሳልሸፋፍን ለመጻፍ ወስኛለሁ፤ ምክንያቱም በአሥራዎቹ ዕድሜዬ ሳለሁ እንዲህ ያለ ታሪክ በራሴ ቋንቋ፣ በራሴ ከተማ ሰው ተጽፎ ባገኝ ኖሮ፣ በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ያለቀስኩባቸው ሌሊቶች ባነሱ ነበር።

ልናገረው የምፈልገው ዋና ነገር አንድ ነው። ያስጨነቀኝም ያቆመኝም ያው አንድ ቤት፣ ያው አንድ ከተማ፣ ያው አንድ እምነት ነው። ብዙ ሰው እንደ እኔ ያለው ጽናትን የሚያገኘው ከአገሩ ሲወጣ ወይም ከወገኑ ሲለይ ይመስለዋል። የወጡትን አልነቅፍም፤ መውጣት ሕይወታቸውን ያተረፈላቸው ሰዎች አውቃለሁ። እኔ ግን አልወጣሁም። መጽናትን የተማርኩት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ አድራ ስትመለስ ሳታርፍ ምጣድ ከምትጥደው እናቴ፣ ዳዊት መድገም ካስለመዱኝ የንስሐ አባቴና ለቅሶም ደስታም ሲመጣ ተጠራርተው ከሚሰበሰቡ ጎረቤቶቻችን ነው። እነዚሁ ሰዎች ስለ እኔ ሙሉውን ቢያውቁ ብዙዎቹ ፊታቸውን ያዞሩብኝ ይሆናል። ይህንንም ያንንም አንድ ላይ መያዝ ከባድ ነው፤ አንዱን ትቼ ሌላውን ብቻ ብናገር ግን ታሪኬ እውነት አይሆንም።

ባሕር ዳር ለልጅነት የተመቸች ከተማ ናት። ዘንባባ በተተከለባቸው ሰፋፊ መንገዶች ሴቶች ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሄዳሉ፤ አንዲቱ በሌላይቱ ጉልበት መካከል ተቀምጣ ሹሩባ ትሠራለች፤ ለፈተና ሲያጠኑ የመሸባቸው በአንድ አልጋ ያድራሉ። ወንዶቹም ቢሆኑ ጣት ለጣት ተቆላልፈው በሐይቁ ዳር ሲመላለሱ ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። ይህ መቀራረብ በባህላችን ውስጥ ከምወዳቸው ነገሮች አንዱ ነው፤ እኔንም በልጅነቴ ከሰው ዓይን ጋርዶኛል። ከራሴም ጋርዶኝ ነበር፤ ጓደኞቼ ሲያቅፉኝ እነሱ የሚሰማቸውና እኔ የሚሰማኝ የተለያየ መሆኑን ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል።

የተረዳሁት አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ከዘጌ የመጣች፣ ከቤታችን አጠገብ ክፍል ተከራይታ የምትማር ልጅ ነበረች። ዘጌ ከባሕር ዳር በጀልባ የሚኬድበት፣ በቡና ጫካ የተሸፈነ፣ እነ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም የሚገኙበት ባሕረ ገብ መሬት ነው። ጓደኛዬ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤቷ ትሄድና በሶዋንና ሽሮዋን፣ አንዳንዴም ለእናቴ የሚሆን ቡና ይዛ ትመለስ ነበር። እስክትመለስ ድረስ እሑድ አልመሽ ይለኛል። በዚያው ዓመት በሰንበት ትምህርት ቤት አብሮኝ የሚዘምር አንድ ወንድ ልጅም እወድ ነበር፤ እሱ ሲያናግረኝ የሚይዘኝ መንቀጥቀጥና እሷ ሰኞ ጠዋት በራችን ላይ ቆማ ስትጠራኝ የሚይዘኝ መንቀጥቀጥ አንድ ዓይነት ነበር። ስለ እሱ ለጓደኞቼ አወራሁ፤ ሳቁ፣ መከሩኝ፣ ደብዳቤ እንድጽፍ አገዙኝ። ስለ እሷ ግን የማወራለት ሰው አልነበረኝም። ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ወደ ዘጌ ተመለሰች፤ ብዙም ሳትቆይ ተዳረች። ሠርጓ ላይ ተገኝቼ ከሌሎቹ ጋር እልል ብያለሁ። ለእኔ ምን እንደነበረች እስከ ዛሬ አታውቅም።

ስለ እንዲህ ያለ ፍቅር በቤታችን አንድም ቀን ተወርቶ አያውቅም። መጀመሪያ የሰማሁት ከሰዶምና ከገሞራ ታሪክ ጋር በስብከት ነው፤ ከዚያ በትምህርት ቤት እንደ ስድብ ሰማሁት፤ ከዚያም ከውጭ የገባ መጤ ልማድ ነው ሲባል ሰማሁ። እኔ ያን ጊዜ ከከተማዬ ርቄ የሄድኩት እስከ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ድረስ ብቻ ነበር። ኢንተርኔት አልነካሁም፤ ከውጭ አገር ሰው ጋር አንድ ቃል ተነጋግሬ አላውቅም። በውስጤ የነበረው ከማንም የተቀበልኩት አልነበረም፤ ከጥርሴና ከቁመቴ ጋር አብሮኝ ያደገ ነው።

ካደግኩ በኋላ ከሰማኋቸው ስብከቶች ሁሉ ያቆሰለኝ ደግሞ ስለ እምቦጭ የተሰበከው ነው። ሰባኪው ጣና በአረም የተሸፈነው ከተፈጥሮ ውጭ በሚዋደዱ ሰዎች ኃጢአት ነው አለ፤ ሕዝቡም አሜን አለ፤ አጠገቤ የተቀመጠችው እናቴም አሜን አለች። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመነጨ የውኃ አረም ሲሆን በጣና ላይ መታየቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ፣ በሰሜን ምሥራቁ የሐይቁ ዳርቻ ነው። የተስፋፋውም ከእርሻ ማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያና ደለል በመገጭ፣ በርብና በጉማራ ወንዞች በኩል እየገባ ውኃውን ስላዳበረለት፣ የከተሞች ፍሳሽም ስለተጨመረበት ነው። አረሙን ለመንቀል እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲጎትቱ ከዋሉት ወጣቶች መካከል እንደ እኔ ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ አንዱን በስም አውቀዋለሁ። ይህ ልጅ ሐይቁን ለማዳን ቆዳው እስኪላጥ ሲሠራ ውሎ ማታ የሐይቁ ጥፋት ምክንያት ነህ መባሉን ሳስብ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ሰው የችግሩን ምክንያት በማይወደው ሰው ላይ ሲጥል እውነተኛው ምክንያት ሳይነካ ይቀራል፤ ማዳበሪያውም ፍሳሹም መግባቱን ይቀጥላል።

ዕድሜዬ ለትዳር ሲደርስና ሽማግሌ የላኩትን ስመልስ፣ ዘመድ ዓይነ ጥላ አለባት ማለት ጀመረ። በእኛ ዘንድ ያላገባች ሴት ሁሉ የዚህ ቃል ዕዳ አለባት። እናቴ ብዙ ካመነታች በኋላ ጠበል እንግባ አለችኝ፤ እኔም እሺ አልኩ፤ እሺ ያልኩት በከፊል ስለምወዳት፣ በከፊል ደግሞ ምናልባት የሚለቀኝ ነገር ካለ ይልቀቀኝ ብዬ ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነሥተን፣ ነጠላችንን አጣፍተን፣ ከሌሎች ጠበልተኞች ጋር ተሰልፈን እንቆያለን። ውኃው ይበርዳል። አጥማቂው በመቁጠሪያው ትከሻዬን እየመታ፣ ማን ነህ፣ ከየት ያዝካት፣ ልቀቅ እያለ ይጮኻል። ከግራና ከቀኜ የሚጮኹ፣ የሚወድቁ፣ የሚያለቅሱ ነበሩ፤ እኔ ግን ዝም አልኩ፤ የሚመልስለት ሌላ ማንም በውስጤ አልነበረም። በውስጤ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ይህን በዚያ በረዶ ውኃ ሥር ቆሜ ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ በግልጽ ያወቅሁት ነገር ነው፤ ከዚያ በኋላ ራሴን እንደ ሕመም አላየሁትም።

ጠበሉን ለመዝለፍ አይደለም ይህን የምጽፈው። በጠበል የተጽናኑ ሰዎች አሉ፤ እኔም በእምነቴ ጸንቼ እኖራለሁ። የማልረሳው ግን ጠበሉን ተጠምቀን፣ ፀሐይ እየሞቅን ቆሎ ስንበላ እናቴ የተናገረችው ነው። ባል ስለማግኘቴ ትናገራለች ብዬ ስጠብቅ እንዲህ አለችኝ፦ «ልጄ፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ ባል አይደለም። እኔ ሳልፍ፣ አምሽተሽ ስትገቢ እራት በልተሻል ወይ የሚልሽ ሰው ማን ነው ብዬ ነው።» እኔን ያስፈራራኝ የመሰለኝ ሁሉ ግፊት ከጀርባው ይህ ፍርሃት እንደነበረበት ያን ዕለት ገባኝ። በአገራችን አብዛኛው ወላጅ ልጁን ወደ ጋብቻ የሚገፋው ከጥላቻ ተነሥቶ አይደለም፤ ያላገባና ያልወለደ ሰው ሲያረጅ ብቻውን የሚቀርበት አገር ውስጥ ስለምንኖር ነው። ይህን ማወቄ ግፊቱን አላቀለለውም። እናቴን እንድጠላት ግን አልፈቀደም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩት ሕግ ነው፤ ይህም በኋላ ከጠቀመኝ ነገሮች አንዱ ሆነ። የወንጀል ሕግ ስንማር መምህሩ የተመሳሳይ ጾታ ግብረ ሥጋን የሚከለክለውን አንቀጽ 629 ሲያነብ ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ እኔም ላለመታወቅ አብሬ ፈገግ አልኩ። ማታ ግን መጽሐፉን ከፍቼ ብቻዬን አነበብኩት። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 600 ይህንኑ ይከለክል ነበር፤ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸምን ግብረ ሥጋ በቀላል እስራት ይቀጣል፤ ቀላል እስራት በመርሕ ደረጃ ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። ማስገደድና የመሳሰለው ሲጨመርበት አንቀጽ 630 ቅጣቱን ያከብደዋል፤ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትም ሊደርስ ይችላል። ሕጉ ለወንድም ለሴትም እኩል ነው። ይህን የምጽፈው ሰው በማያውቀው ነገር ከሚፈራው ይልቅ በሚያውቀው ነገር ቢጠነቀቅ ስለሚሻል ነው። በሰፈር ወሬ የሚባለው የሞት ቅጣት በአገራችን ሕግ ለዚህ ድርጊት የለም፤ ሕጉ የሚቀጣውም ድርጊትን ነው፤ ማፍቀርን፣ መናፈቅን፣ በልብ መያዝን የሚቀጣ አንቀጽ አላገኘሁም። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ በ2006 ዓ.ም.፣ ይህን ወንጀል ይቅርታ ከማይሰጥባቸው ወንጀሎች ዝርዝር ለማስገባት ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ሐሳቡ በሚያዝያ ወር ቀረ፤ ታቅዶ የነበረው የተቃውሞ ሰልፍም ተሰረዘ። በዚያ ወር በዶርሚተሪያችን ስለ እኛ የተነገረውን ሁሉ በብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፍኜ ሰምቻለሁ።

ከሕጉ ቀጥሎ ያረጋጋኝ የሕክምናው እውቀት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን ከበሽታዎች ዝርዝር ያወጣው ግንቦት 9 ቀን 1982 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ማለት እኔ ስወለድ በዓለም አቀፍ ሕክምና ዘንድ በሽተኛ አልነበርኩም። እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎችን የዘረ መል መረጃ የመረመረ ጥናትም የሰውን የፍቅር ዝንባሌ የሚወስን አንድ ብቸኛ ዘረ መል እንደሌለ፣ ብዙ ጥቃቅን የዘረ መል ልዩነቶችና ሌሎች ምክንያቶች አብረው እንደሚሠሩ አሳይቷል። በአሜሪካ የሚሠራው ተመራማሪ ኢላን ማየር ደግሞ እንደ እኛ ባሉ ሰዎች ላይ በብዛት የሚታየው ጭንቀትና ድብርት ከፍቅሩ ከራሱ ሳይሆን ከመገለል፣ ይጥሉኛል ብሎ ከመፍራትና ዕድሜ ልክ ከመደበቅ የሚመጣ መሆኑን አብራርቷል። ይህን ሳነብ፣ የምነቃባቸው ሌሊቶችና የልብ ምቴ መፍጠን ከየት እንደመጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ተረዳሁ።

ባይሴክሹዋል መሆን የራሱ የሆነ ብቸኝነት አለው፤ ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ መጻፍ እፈልጋለሁ። ከተመረቅኩ በኋላ አንድ ወንድ ወደድኩ፤ እሱም ወደደኝ። ደግ ሰው ነበር፤ እናቴ ስሙን ስትጠራ ፊቷ ይበራ ነበር። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት፣ አብሮኝ ለመኖር የሚመጣ ሰው እኔን ሙሉ አድርጎ ሊያውቀኝ ይገባል ብዬ ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያም ይህን መሸከም እንደማይችል በጨዋነት ነገረኝ። ተለያየን። ይህ ሰው ዛሬ አግብቶ ልጆች አሉት፤ በከተማው ስንገናኝ ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ የነገርኩትንም ለማንም ሳይናገር እስከ ዛሬ ጠብቆልኛል። ሊያጠፋኝ የሚችል ነገር በእጁ ይዞ ያላጠፋኝ ሰው ነው። አለመፍቀድና አለመጉዳት በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ከእሱ ተምሬያለሁ፤ በዚህ ከተማ ስኖር ተስፋ የማደርገውም አብዛኛውን ጊዜ በእንዲህ ያለው ጨዋነት ላይ ነው።

ሴቶችን ብቻ የሚወዱ ጓደኞቼ በበኩላቸው አንዳንዴ፣ አንቺ እኮ ስትፈልጊ አግብተሽ ታመልጫለሽ ይሉኛል። ከሁለቱም ወገን ሙሉ እንዳልሆንኩ የሚነገረኝ በዚህ ምክንያት ነው። ይህንኑ ጥያቄ ከሁሉ በላይ ያነሣችብኝ ታላቅ እህቴ ናት። እሷን እታለም እላታለሁ። ልጆቿ ትምህርት ቤት፣ ባሏ ሥራ በሄዱበት ቀን፣ ቡና እየቆላች ሳለ ነገርኳት። ማንከሽከሻውን ከእሳቱ አነሣችና እንዲህ አለች፦

«ወንድም የምትወጂ ከሆነ ታዲያ ምን ቸገረሽ? ወንዱን መርጠሽ ተቀመጪ።»

«እታለም፣ ከጋሼ በፊት የወደድሽውን ልጅ ረስተሽዋል?»

«ምን አመጣው እሱን አሁን?»

«ረስተሽዋል ወይ ነው ያልኩሽ።»

«አልረሳሁትም።»

«ጋሼን መውደድሽ ያንን ውሸት አደረገው?»

አልመለሰችልኝም። ቡናው አንደኛውን ብቻ ጠጥተን ተለያየን፤ እህቴ ቡና ሳትጨርስ ያስነሣችኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልደወለችም፤ ልጆቿም በበዓል ወደ እኔ አልመጡም። የዚያን ጊዜውን ሐዘን አሳንሼ ልጽፈው አልችልም፤ ከእናቴ ቀጥሎ የምወዳት ሰው ልጆቿን ከእኔ ስትሰበስብ ምን እንደምትፈራ ስለገባኝ ነበር ይበልጥ የታመምኩት። በሁዳዴ መጨረሻ አንድ ቀን ሱፍና ተልባ ይዛ በሬን አንኳኳች። አልተቃቀፍንም። ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «የልጆቼ አክስት ነሽ፤ የሌላውን እግዚአብሔር ያውቃል፤ እኔ አልፈርድም» አለችኝ። ተቀበለችኝ ለማለት አልደፍርም፤ ዛሬም ቢሆን ስለ ጉዳዩ ማውራት አትወድም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘመድ ስለ ትዳሬ ሲያነሣ ቀድማ የምትመልሰው እሷ ናት፤ በለቅሶ ቤት፣ በክርስትና ላይ፣ ተዉአት፣ ሥራዋን ትሥራበት እያለች አፋቸውን ታስይዛለች። ኬትሊን ራያን የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት የካሊፎርኒያ ጥናት፣ በቤተሰባቸው እጅግ የተገፉ ወጣቶች ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩበት መጠን ካልተገፉት ወይም በጥቂቱ ብቻ ከተገፉት ከ8 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ቁጥር ሳነብ ያሰብኩት ስለ እህቴ ነው። ሐሳቧ አልተለወጠም፤ በሬን ማንኳኳቷ ግን ከዚህኛው ወገን ወደዚያኛው አሻግሮኛል።

ለንስሐ አባቴም ነግሬያቸዋለሁ። ኃጢአት ነው አሉኝ፤ ስግደትና ጾም አዘዙኝ፤ ዳዊት ድገሚ አሉኝ። ከዚያ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ይህን ለሌላ ለማንም እንዳልናገር፣ ለካህንም ቢሆን እንዳልናገር አስጠነቀቁኝ፤ ለእኔ ፈርተው እንደሆነ ከዓይናቸው አየሁ። ከትምህርታቸው ጋር አልተስማማሁም፤ ዳዊቱን ግን እስከ ዛሬ እደግማለሁ። ጠላት ስለከበበው፣ ወዳጁ ስለከዳው፣ እንባው ምግብ ስለሆነበት ሰው ያለማፈር የሚናገር ጸሎት ነው፤ ያን ጸሎት የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።

ከሁሉም የከፋው ጊዜ የ2015 ዓ.ም. ክረምት ነበር። በክልላችን ጦርነት ተነሥቶ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በባሕር ዳር የተኩስ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋረጠ። እኛ በየቤታችን ዘግተን ተቀምጠን ሳለ፣ በነሐሴ ወር በአዲስ አበባ የጸጥታ አካላት የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ይፈጸምባቸዋል ባሏቸው ሆቴሎችና መሰል ቦታዎች ላይ እርምጃ መውሰድ መጀመራቸውን፣ ሕዝቡም ጥቆማ እንዲሰጥ መጠየቃቸውን የሰማነው ዘግይተን ነው። በቲክቶክ ደግሞ የሰዎችን ፎቶግራፍና ማንነት እየለጠፉ እንዲመቱ የሚቀሰቅሱ ቪዲዮዎች ይዞሩ ነበር፤ ኢትዮጵያውያን የመሠረቱት ሐውስ ኦፍ ጉራማይሌ የተባለው የመብት ድርጅትም ይህን በይፋ አሳውቆ ነበር። ከአዲስ አበባ አንዲት ጓደኛዬ በመደበኛ ስልክ ደውላ፣ ስሟ ተጠቅሶ እንደሆነ እንድመለከትላት እየጠየቀችኝ አለቀሰች፤ እኔ ግን ምንም ማየት አልችልም ነበር። ከውጭ ተኩስ እየሰማሁ፣ በማላየው መስኮት ውስጥ ደግሞ ስሜ ይኖር ይሆን እያልኩ ያሳለፍኩት ክረምት ነው። ጎረቤቶቻችን በዚያ ሰሞን የነበራቸውን ዱቄትና ዘይት ተካፍለው በሉ፤ እኔም ከተካፈሉት አንዷ ነበርኩ። የእኔን ነገር ቢያውቁ ያካፍሉኝ ነበር ወይ ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። አንዳንዶቹ ያካፍሉኝ ነበር ብዬ አምናለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካው ፒው የምርምር ማዕከል ባደረገው የሕዝብ አስተያየት ጥናት፣ ከተጠየቁት ኢትዮጵያውያን 97 በመቶው ኅብረተሰቡ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን ሊቀበል አይገባም ብለዋል። ይህን ቁጥር ብዙዎች እንደ መጨረሻ ፍርድ ያነሡታል። እኔ ግን ከ97ቱ ውስጥ እህቴ እንደነበረች አውቃለሁ፤ ዛሬም ብትጠየቅ ምናልባት ያንኑ ትመልሳለች፤ ሱፍና ተልባ ይዛ የመጣችውም እሷው ናት። ጥናቱ ሰዎችን የጠየቀው ስለ ማያውቁት ሰው ነው። ሕግም ቢሆን በአንድ ቦታ ቆሞ አይቀርም፤ ሞዛምቢክ በ2015፣ ቦትስዋና በ2019፣ አንጎላ በ2021፣ ሞሪሸስ በ2023 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለውን ክልከላ በሕግ ወይም በፍርድ ቤት ውሳኔ አንሥተዋል፤ ኡጋንዳ ደግሞ በዚያው በ2023 ይበልጥ አክብዳዋለች። የእኛ አገር ወዴት እንደምትሄድ አስቀድሜ አልናገርም። እኔ እየጠበቅኩ መኖርን ትቼ፣ በዛሬው ቀን የምኖርበትን መንገድ መሥራት ጀምሬያለሁ።

ከዚያ ክረምት በኋላ እኛ በባሕር ዳር የምንኖር፣ እንደ እኔ የሚያፈቅሩ ሰዎች በሚጠራሩበት ስም እርስ በርሳችን ዜጋ የምንባባል ጥቂት ሰዎች ዕቁብ ጀመርን። በየወሩ እንጥላለን፤ ከተጣለው ጥቂቱ ለችግር ቀን ይቀመጣል፤ የቀረው ዕጣ ለወጣለት ይሰጣል። ዳኛና ጸሐፊ አለን፤ ያልከፈለ ይቀጣል፤ እንደ ማንኛውም ዕቁብ ነው። የምንገናኘው በቀን፣ ሰው በሚበዛበት ቡና ቤት ነው፤ ፎቶግራፍ አንነሣም፤ አዲስ ሰው በኢንተርኔት የተዋወቀውን ብቻውን ቤቱ ሄዶ እንዳይገናኝ እንመክራለን፤ ምክንያቱም ወዳጅ መስለው ቀርበው፣ እናጋልጥሃለን እያሉ ገንዘብ የሚቀበሉ ሰዎች በከተማችን አሉ። እንዲህ ማስፈራራት በሕጋችን ወንጀል ነው፤ የተጎዳው ሰው ግን ለመክሰስ ራሱን ማጋለጥ ስለሚሆንበት ዝም ይላል፤ በዚህ ዝምታ የሚከብሩት እነሱ ናቸው። ለችግር ቀን ካስቀመጥነው ገንዘብ የመጀመሪያው የዋለው አባቱ ስልኩን ፈትሾ ከቤት ላባረረው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ክፍል ተከራየንለት፤ ፍራሽና ምድጃ ገዛንለት፤ ፈተናውንም ተቀመጠ። ለእናቴ ከቤት የወጣ ልጅ አግኝተን እየረዳን ነው ብዬ ስነግራት ምክንያቱን አልጠየቀችኝም፤ ከሣጥኗ ጋቢ አውጥታ ለልጁ አድርሽልኝ አለችኝ። ለእናቴ ስለ ራሴ አልነገርኳትም። ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ለመንገር እፈልጋለሁ፤ ቀኑን ግን አልወሰንኩም፤ እንድወስን የሚገፋኝም ሰው እንዲኖር አልፈቅድም።

ይህን ለምታነቡ ወጣቶች የምለው ጥቂት ነው። የቤት ኪራይ የምትከፍሉበት ገቢ ሳይኖራችሁ፣ ወይም የሚያስጠጋችሁ ሰው መኖሩን ሳታረጋግጡ ለቤተሰብ ለመናገር አትቸኩሉ፤ መዘግየታችሁ ውሸታም አያደርጋችሁም። ትምህርታችሁን ጨርሱ። ከሁለቱም ጾታ የምትወዱ ከሆናችሁ ደግሞ ግማሽ እንደሆናችሁ የሚነግራችሁን አትስሙ፤ ያገባችሁም ብትሆኑ ያላገባችሁ፣ የወደዳችሁት ሁሉ እውነት ነው። መኖር ያስጠላችሁ ቀን ብቻችሁን አትደሩ፤ አንድ የምታምኑት ሰው ዘንድ ሂዱ፤ በነጋታውም ሆስፒታል ሄዳችሁ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ለሐኪሙ ማንን እንደምትወዱ የመናገር ግዴታ የለባችሁም፤ እንቅልፍ እንደራቃችሁ፣ ምግብ እንዳስጠላችሁ፣ ሞት ሞት እንደሚላችሁ መናገር ሕክምናውን ለመጀመር ይበቃል። የካርድና የመድኃኒት ገንዘብ ከሌላችሁ ያንኑ የምታምኑትን ሰው ለምኑ፤ ከዕቁባችን የችግር ገንዘብ ከኪራይ ቀጥሎ ብዙ ያወጣነው ለዚሁ ነው።